ደሴ ላይ የሚያልፈው ሸትል ቆላ ላይ ለምን ያጥራል?

ጥያቄው የመጣው ደሴ ውስጥ የሰውነት ማጎልመሻ ከሚያስተምሩ አንዲት መምህርት ነው። ረዘም ያለ ስለነበር ፍሬ ነገሩን ብቻ ላስቀምጠው፦

«ተማሪዎቼን ባድሜንተን ማሠልጠን ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆነኝ። የምንለማመደው በግቢያችን ነው፤ ሸትላችን፣ ማለትም በራኬት የምንመታው ኳስ፣ የላስቲክ ነው። ባለፈው ለአገር አቀፍ ጨዋታዎች ተመርጠን ወደ ቆላ ከተማ ወረድን፤ እዚያ የተጫወትነው በላባ ሸትል ነው። ደሴ ላይ ከኋላ መስመር እስከ ኋላ መስመር የሚያደርሱ ልጆች እዚያ ሲመቱት መሃል ሜዳ ላይ ይወድቃል። ተጋጣሚ እየዘለለ ያወርድብናል። በሁለት ጌም አለቀ። ልጆቹ ‹ከባድ ኳስ ሰጥተውን ነው› እያሉ አለቀሱ። እኔም ከጨዋታው በኋላ አቤቱታ አስገባሁ፤ አልተቀበሉኝም። እውነት ኳሱ ተቀይሮብን ነው? ወይስ ልጆቹ ጉልበት አንሷቸው ነው? ለሚቀጥለው ጂም ላስጀምራቸው አስቤያለሁ። ደግሞ እኛ የደጋ ልጆች ነን፣ ትንፋሽ አለን፤ ይህ እንዴት አልጠቀመንም?»

ማንም ከባድ ኳስ አልሰጣችሁም። ልጆቹም ጉልበት አላነሳቸውም። ስህተቱን ውድድሩ አዳራሽ ውስጥ አይፈልጉት፤ ደሴ፣ ግቢያችሁ ውስጥ ነው ያለው። ይህን የምለው እርስዎን ለመውቀስ አይደለም። ከደጋ ከተማ የሚነሳ ቡድን ብዙ ጊዜ የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው። እኔም ልጆች ይዤ ወድቄበታለሁ።

ከ«ከባድ ኳስ» እንጀምር። ሕጉ የላባ ሸትል ከ4.74 እስከ 5.50 ግራም እንዲመዝን ያዛል። ከቀላሉ እስከ ከባዱ ያለው ልዩነት አንድ ግራም አይሞላም። በእጅ ይዞ ይሄ ከበደ፣ ይሄ ቀለለ ማለት አይቻልም። ልጆቹ በክንዳቸው የተሰማቸው ነገር ግን እውነት ነው። ሸትሉ በእርግጥ አጥሮባቸዋል። ምክንያቱን ነው የሳቱት።

እግር ኳስ ሲመታ ክብደቱ ይዞት ይሄዳል። ሸትል እንደዚያ አይደለም። ፊቱ ቡሽ ነው፤ ከኋላው 16 ላባ እንደ ጃንጥላ ተዘርግቷል። ከራኬት ሲወጣ ጥይት ነው። ትንሽ እንደሄደ አየሩ ላባውን ይይዘውና ፍጥነቱን ይበላዋል። መጨረሻ ላይ አፍንጫውን ደፍቶ ይወርዳል። የት እንደሚወድቅ አየሩ ከመቺው ጉልበት ባልተናነሰ ይወስናል። አየሩ ሳሳ ካለ የሚይዘው ነገር ስለሚያንስ ሸትሉ ይርቃል። ወፈር ካለ ቶሎ ይያዝና ያጥራል።

ደሴ ከባህር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ባህር ወለል ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ሲገቡ ከፍታው ወደ 1850 ሜትር ይጠጋል፤ እዚያ ቅናሹ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ድሬዳዋ 1200 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ቅናሹ 14 በመቶ እንኳ አይሞላም። ጋምቤላ 500 ሜትር ገደማ ነው፤ 6 በመቶ ቢሆን ነው። ከደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ተነስቶ ጋምቤላ ላይ ለሚጫወት ልጅ፣ በዚያው ሸትል፣ በዚያው ምት፣ ርቀቱ ሌላ ይሆንበታል። ሙቀትም የራሱ ድርሻ አለው። አየር ሲሞቅ ይሳሳል፤ የአሥር ዲግሪ ልዩነት 3 በመቶ ያህል ያሳሳዋል። የቆላው ሙቀት ስለዚህ ልዩነቱን በመጠኑ ያጠበዋል፤ ጨርሶ ግን አያጠፋውም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «በቃ፣ የአየር ጉዳይ ነው፤ ምን ይደረጋል» ብሎ ይተወዋል። ነገሩ የሚጀምረው ግን ከዚህ ነው። የባድሜንተን ሕግ ይህን ልዩነት ያውቀዋል፤ መፍትሔም አበጅቶለታል። ሸትል በአንድ ዓይነት ፍጥነት አይመረትም። የላባ ሸትል የሚታሸግበትን ቱቦ ክዳን ይመልከቱ። ብዙዎቹ አምራቾች ከ75 እስከ 79 ያለ ቁጥር ይጽፉበታል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ከ1 እስከ 5። ቁጥሩ ሲያንስ ሸትሉ ቀርፋፋ ነው፤ ሲጨምር ፈጣን ነው። በአንድ ቁጥርና በሚቀጥለው መካከል ያለው ልዩነት በርቀት ሲለካ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ለደጋ ቀርፋፋው ይመረጣል፤ ለቆላ ፈጠን ያለው። ዓላማው አንድ ነው። የትም ከተማ ቢሆን፣ በሙሉ ጉልበት የተመታ ሸትል እዚያው ቦታ ላይ እንዲወድቅ ነው።

ያ ቦታ ደግሞ በሕጉ ተለክቶ ተቀምጧል። ሞካሪው ከኋላ መስመር ላይ ይቆማል። ሸትሉን በሙሉ ኃይሉ ከታች ወደ ላይ፣ ከጎን መስመሩ ጋር ትይዩ አድርጎ ይመታል። ትክክለኛ ሸትል ከማዶው የኋላ መስመር ከ53 እስከ 99 ሴንቲ ሜትር ቀርቶት መውደቅ አለበት። ሜትር ይዞ መለካት አያስፈልግዎትም። ለጥንድ (ሁለት ለሁለት) ጨዋታ የሚያገለግለው የረጅም ሰርቪስ መስመር ከኋላ መስመር በ76 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው ያለው፤ ማለትም ልክ የዚህ ክልል ወገብ ላይ። በዚያ መስመር ፊት አንድ ስንዝር፣ ኋላ አንድ ስንዝር ያስቡ። ሸትሉ እዚያ ውስጥ ካረፈ ልክ ነው። ካለፈ ለዚያ ከተማ ፈጣን ነው፤ ከቀረ ቀርፋፋ ነው። አንዴ መትተው አይወስኑ። ሁለት ሰው፣ ከሁለቱም ጫፍ፣ ደጋግሞ ይምታ።

አሁን ወደ እናንተ ግቢ እንመለስ። የላስቲክ ሸትል ቁጥር የለውም፤ ቀለም ነው ያለው። ቡሹና ላስቲኩ የሚጋጠሙበት ላይ ቀጭን ቀለበት አለ። አረንጓዴ ቀርፋፋ፣ ሰማያዊ መካከለኛ፣ ቀይ ፈጣን ነው። ሳጥንዎን ከፍተው ይዩት። እኔ ባየኋቸው ትምህርት ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ሰማያዊው ነው፤ አንዳንዴ ቀዩም አለ። ቀዩ የሚመረጠው ለቀዝቃዛ፣ ዝቅተኛ ቦታ ነው። ደሴ ላይ ሰማያዊውንም ሆነ ቀዩን ይዞ መለማመድ ማለት ልጆቹ አራት ዓመት ሙሉ ከልክ በላይ በሚርቅ ሸትል ተጫወቱ ማለት ነው።

ይህ ክንድ ላይ ምን እንደሚያደርግ በቅርብ ያየሁትን ልንገርዎት። ከደጋ የመጣች አንዲት ልጅ ነበረችኝ፤ ጎበዝ፣ እግሯ ቀልጣፋ። ከኋላ መስመር ላይ ቆማ ክሊር (ከፍ ብሎ እስከ ማዶው የኋላ መስመር የሚሄድ ምት) ስትመታ ክርኗ ጥሩ አድርጎ ይወጣል። ራኬቱ ሸትሉን ሊነካ ሲል ግን የእጅ አንጓዋ ቀጥ ይላል። ምቱ ከጆሮዋ ፊት ሳያልፍ ያልቃል። መጀመሪያ ትከሻዋን የታመመች መስሎኝ ነበር። ኋላ ስጠይቃት «ሙሉውን ከመታሁት ይወጣል» አለችኝ። ልክ ናት። ለዓመታት ሙሉውን በመታች ቁጥር ወጥቶባታል፤ ነጥብ ከፍላበታለች። እጇ መቆጠብን ተማረ። ውድድር ላይ በደንብ የተመረጠ ሸትል ሲሰጣት ያው የተቆጠበ ምት መሃል ሜዳ ላይ ጣለው። መሃል ሜዳ ላይ ከፍ ብሎ የመጣ ሸትል ደግሞ ለተጋጣሚ የተዘጋጀ ስማሽ (ከላይ ወደ ታች በኃይል የሚወርድ ምት) ነው። የእርስዎም ልጆች የገጠማቸው ይኸው ይመስለኛል። ለማረጋገጥ ቀላል ነው። ሜዳውን ትተው፣ መስመር በሌለበት ቦታ፣ «የፈለጋችሁትን ያህል አርቁት» ይበሏቸው። ርቀቱ በአንዴ ከጨመረ ጉልበቱ አለ ማለት ነው።

ለዚህ ነው ጂሙን አሁን አይጀምሩት የምለው። ጉልበት መጨመር የተቆጠበ ምትን አይፈታም። እንዲያውም ልጅ ሆነው ከባድ ብረት ለማንሳት የሚጣደፉ ተጫዋቾች ትከሻቸውን ሊጎዱና ወር ሙሉ ሊቀመጡ ይችላሉ። በራሳቸው ክብደት የሚሠሩ እንቅስቃሴዎች፣ ገመድ ዝላይና የእግር ሥራ ለጊዜው ይበቃሉ።

ስለ ትንፋሹ በአጭሩ። ደጋ መኖር ለረጅም ርቀት ሩጫ የሚጠቅመውን ያህል ለባድሜንተን አይጠቅምም። አንድ ምልልስ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሰከንድ ያልቃል። ፍንዳታ፣ ዕረፍት፣ ፍንዳታ ነው። ጥሩ ትንፋሽ በምልልሶች መካከል ቶሎ ለማገገም ይረዳል፤ ያጠረ ክሊርን ግን አያስረዝምም። ቆላ ላይ ልጆችዎን የሚያደክማቸው ሙቀቱ ነው። ውኃ ከጨዋታው በፊት ጀምሮ ይጠጡ እንጂ ጉሮሯቸው እስኪደርቅ አይጠብቁ።

ሌላ ያልጠየቁኝ፣ ግን ከጥያቄዎ ውስጥ ያየሁት ነገር አለ። በላስቲክ ተለማምዳችሁ በላባ ነው የተጫወታችሁት። የእነዚህ ሁለቱ በረራ አንድ አይደለም። ላባው ከራኬት ሲወጣ ይፈጥናል፤ ከዚያ በድንገት ይቀንሳል፤ አወራረዱም ቀጥ ያለ ነው። ላስቲኩ ፍጥነቱን ቀስ እያለ ነው የሚያጣው። መረብ አጠገብ ሲነካም ላባው ይገለባበጣል፤ ላስቲኩ እንደዚያ አይታዘዝም። በላስቲክ ብቻ ያደገ ልጅ ላባ ሲገጥመው ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ዘግይቶ ወይም ቀድሞ ይደርሳል። ላባ ውድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አንድ ጠንካራ ጨዋታ ብቻውን ስንቱን ይጨርሳል። ዓመቱን ሙሉ በላባ ተለማመዱ አልልዎትም። ያላችሁን ጥቂት ቱቦ ለመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ያስቀምጡት።

ግቢውም ቢሆን ያው ነው። ደሴ ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ሸትል የት እንደሚሄድ እርስዎ ያውቁታል። ልጆቹ በነፋስ ላይ መጫወት ይለምዳሉ፤ ቀጥ ብሎ የሚወርድን ሸትል መጠበቅ አይለምዱም። አዳራሽ ካልተገኘ ማለዳ፣ ነፋሱ ሳይነሳ ይለማመዱ።

ኮምቦልቻስ? ብዙ አሠልጣኝ መጀመሪያ የሚመክረው «ውረዱና እዚያ ተለማመዱ» ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሚኒባስ ጠዋት ወርዶ ማታ መመለስ ይቻላል። ከፍታውም ከባህር ዳር፣ ከጅማና ከሐዋሳ ብዙም አይርቅም፤ ጨዋታዎቹ ከነዚህ በአንዱ ከሆኑ ኮምቦልቻ ጥሩ መለማመጃ ናት። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም እዚያው ስለሆነ የአዳራሽ ጥያቄዎን ከዚያ መጀመር ይችላሉ። እኔ ግን ይህን ሁለተኛ አደርገዋለሁ። ያንኑ ሰማያዊ ሸትል ይዘው ቢወርዱ የችግሩን ከፊል ነው የሚያቃልሉት። ጨዋታው ጋምቤላ ወይም ድሬዳዋ ከሆነ ደግሞ ኮምቦልቻ መንገድ ላይ ያለ ማረፊያ እንጂ መድረሻ አይደለም። አዲስ አበባ ከሆነ ከደሴ ያለው ልዩነት ትንሽ ስለሆነ ለዚህ ብቻ ብሎ መውረድ አያስፈልግም።

ቀርፋፋ ሸትል ገበያ ላይ ሲጠፋ ሰዎች የሚያደርጉት አንድ ዘዴ አለ። የላባውን ጫፍ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ይዘው ወደ ውጭ ያጥፉታል። ሸትሉ አየር በደንብ ይይዝና ቀርፈፍ ይላል። ወደ ውስጥ ከታጠፈ ይፈጥናል። አንድ ላባ ዘልለው አንዱን፣ እኩል እኩል ካላጠፉት እየተንቀጠቀጠ ይበራል። ይህን ልምምድ ላይ ይሞክሩት። ጨዋታ ላይ ግን በጭራሽ። ተጫዋች የሸትሉን ፍጥነት ወይም በረራ ለመለወጥ ሆን ብሎ ቢነካካው ሕጉ ጥፋት ብሎ ይቀጣዋል። ልጆቹ ይህን ከእርስዎ አፍ ይስሙት፤ ልምምድ ላይ የለመደ እጅ ሳያስበው ያደርገዋልና።

ላባ በደረቅ የበጋ አየር ይደርቅና በሁለት ምት ይሰበራል። ከጨዋታው ዋዜማ ቱቦውን ከሁለቱም ጫፍ ከፍተው የፈላ ማንቆርቆሪያ እንፋሎት ላይ ለጥቂት ሰከንድ ይያዙት፤ ከዚያ ዘግተው ያሳድሩት። አያብዙት። ቡሹ ከራሰ ሸትሉ ተበላሸ ማለት ነው።

አሁን ወደ አቤቱታው። ያልተቀበሉዎት ለማበሳጨት ብለው አይመስለኝም። በሕጉ፣ በጨዋታ ላይ የሚነሳ ክርክር የሚታየው የሚቀጥለው ሰርቪስ ከመመታቱ በፊት ከቀረበ ነው። ሸትሉ አጥሯል ወይም ተበላሽቷል ያለ ተጫዋች እዚያው ለዳኛው ይናገራል፤ መቀየሩን የሚወስነው ዳኛው ነው። ጨዋታው አልቆ፣ እጅ ተጨባብጠው ከወጡ በኋላ ስለ ሸትል ፍጥነት ማውራት ውጤት አይለውጥም። የእርስዎ ትክክለኛ ሰዓት ከውድድሩ በፊት የሚደረገው የቡድን መሪዎች ስብሰባ ነው። ብዙ ስፖርት አንድ ላይ በሚካሄድበት ጨዋታ ይህ ስብሰባ ቶሎ ቶሎ ያልፋል። ሰዎች ስለ ማደሪያና ስለ ምግብ ሲጠይቁ ጊዜው ያልቃል። እርስዎ ግን እጅዎን ያውጡና ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ ሸትሉ የየትኛው አምራች ነው? ቁጥሩ ስንት ነው? አዳራሹ ውስጥ ተሞክሯል ወይ? አዳራሹ ከቮሊቦል ወይም ከቴኳንዶ ጋር የሚጋራ ከሆነ ደግሞ በጨዋታ ሰዓት በሮቹ እንዲዘጉ ይጠይቁ። ከበር በሚገባ ነፋስ ሸትሉ ለአንዱ ወገን ይረዝማል፣ ለሌላው ያጥራል።

እንግዲህ ምን ያድርጉ? እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን የመጀመሪያውን ብር የማወጣው ለጂምም ለትራንስፖርትም አይደለም። አረንጓዴ ቀለበት ያለው የላስቲክ ሸትል ገዝቼ ሰማያዊውን ከልምምድ አስወጣለሁ። ለላባው 75 ቁጥር፣ ከተገኘም ከዚያ ያነሰ እፈልጋለሁ። ሁለቱንም ደሴ ላይ በዚያ የስንዝር ሙከራ እለካቸዋለሁ። አረንጓዴውም ቢሆን በደሴ አየር ሊያልፍ ይችላል፤ ካለፈ የተሻለ ስለሌለ በእሱ እቀጥልና ክሊር በሚለማመዱበት ሰዓት የሜዳውን መስመር እተወዋለሁ። ልጆቹ «ወጣ፣ አልወጣ» ሳይሉ ምቱን እስከ መጨረሻው ይጨርሱት። የታሰረውን አንጓ ለመፍታት ወራት ይወስዳል፤ በአንድ ሳምንት አይጠብቁ። ካምፕ ኮምቦልቻ የማደርገው በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት፣ አዳራሽ ከተገኘና ላባው ካለ ብቻ ነው።

አንድ ነገር እንዳይነኩ ግን እለምንዎታለሁ። ሸትሉ ቆላ ላይ ካጠረ የራኬቱን ክር ማላላት ርቀት ይጨምራል የሚል ምክር ይሰማሉ። እውነትነት አለው። ነገር ግን በውድድር ሳምንት ክር መቀየር የልጆቹን የእጅ ስሜት ያጠፋባቸዋል። ከፈለጉ ከሁለት ወር በፊት ያድርጉት።

ውድድሩ ከተማ እንደደረሳችሁ ሻንጣ ሳይፈታ አዳራሹን ይዩት። ከተቻለ ጨዋታው በሚደረግበት ሰዓት ይሁን፤ የቀትር አየርና የማለዳ አየር አንድ አይደለምና። ሁለት ልጆች ከሁለቱ የኋላ መስመሮች ላይ ያቁሙ፣ የሚገኘውን የውድድር ሸትል ይስጧቸው፣ በሙሉ ጉልበት ያስመቷቸው። እርስዎ ከረጅሙ ሰርቪስ መስመር አጠገብ ቁጭ ይበሉና የት እንደሚወድቅ ይዩ። ካጠረ ልጆቹን አስጠግተው ያሳዩአቸው፤ «እዚህ ሙሉውን ምቱት፣ አይወጣም» ይበሏቸው። ጨዋታው ውስጥም ረስተው እጃቸውን መቆጠብ ከጀመሩ፣ 11 ነጥብ ላይ 60 ሰከንድ ዕረፍት አለ። በዚያች ደቂቃ ሌላ ምክር አይጨምሩባቸው፤ ይህንኑ ብቻ ይድገሙላቸው።